እስከ 9 ሰዓት ጾሞ ከልክ በላይ መብላት

«እስከ 9 ሰዓት እቆያለሁ፤ ከዚያ እስኪያቅተኝ እበላለሁ። ገደፍኩ ማለት ነው?» ላልከው፦ የበላኸው የጾም ምግብ ከሆነ አልገደፍክም። ነገር ግን ሆዳምነት በሽሮም ይሠራል። ምሳሌ 25፥16 ማርን እንኳ የሚበቃህን ብቻ ብላ ነው የሚለው።

1. መጀመሪያ ውኃ ጠጣና ሩብ ሰዓት ቆይ።
2. አንድ እንጀራ ለብቻህ በሳህን አውጣ። በጋራ ትሪ ላይ የበላኸው መጠን አይታወቅህም፤ የጉርሻው ነገርማ አይነሳ።
3. የተረፈውን ወጥ ከመቀመጥህ በፊት ከድነህ አንሳ።

ሰዓቱ ከከበደህ ከንስሐ አባትህ ጋር አስተካክል።

ተጠንቀቅ፣ የባሰው የፋሲካ ሌሊት ነው። 55 ቀን ቅቤ ያልነካ ሆድ ላይ ዶሮ ወጥና ጠላ በአንዴ ከወረደ ቁርጠትና ማስታወክ ይከተላል። ተልባ ቀድመህ ጠጣ፣ ዶሮውን ቅመስ፣ ቁርጡ ለማግስቱ ይቆይ።