ሥጋን መተው ሁሉ ጾም ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሥጋ አለመብላትን የሚሰብኩ ጽሑፎችን ሳነብ «እግዚአብሔር ለአዳም የሰጠው ዕፅዋትን ብቻ ነው፤ ሥጋ መብላት የውድቀት ፍሬ ነው» የሚል አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ በፍስክ ቀን እንኳ ስበላ ኃጢአት የሠራሁ ይመስለኛል። ዕድሜ ልኬን ብተወው ጾም ሆኖ ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሥጋ መተውን ማንም አይከለክልህም። ያሳሰበኝ «ኃጢአት የሠራሁ ይመስለኛል» ያልከው ነው። ብዙዎች በዚህ ይሰናከላሉ፤ ከሥጋ የራቀ ሁሉ ጾመኛ ይመስላቸዋል።

ያነበብከው ትምህርት አዲስ አይደለም። በ3ኛው መቶ ዘመን ፖርፊሪዮስ የተባለው ፈላስፋ ወደ ሥጋ መብላት ለተመለሰ ካስትሪክዮስ ለሚባል ወዳጁ ከሥጋ ስለ መራቅ አራት መጻሕፍት ጻፈለት። ይኸው ሰው ክርስትናን የሚቃወም መጽሐፍም አለው። ምክሩ ለማን እንደሆነ ሲናገር ግን ለእጅ ባለሙያ፣ ለወታደር፣ ለስፖርተኛ አይደለም፤ ለፈላስፋ ነው ይላል። የእኛ ጾም እንዲህ ሰው አይመርጥም፤ ንጉሡም የቀን ሠራተኛውም እኩል ይጾሙታል። ልዩነቱ ከዚህ ይጀምራል።

በኋላ ዘመን ይህን አሳብ ያነሡት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የወጡ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1809 በእንግሊዝ ሳልፎርድ ዊልያም ካውኸርድ የተባለ ሰባኪ «የመጽሐፍ ቅዱስ ክርስቲያኖች» የሚባል ማኅበር አቋቁሞ አባላቱን ከሥጋና ከሚያሰክር መጠጥ ከለከለ። ከዚሁ ማኅበር የነበረችው ማርታ ብራዘርተን በ1812 ሥጋ የሌለበት የምግብ አሠራር መጽሐፍ አሳተመች። ብልህ ሴት ናት፤ በስብከት የተረታ ሰው ወጥ ቤት ገብቶ የሚሠራው ካጣ ብዙ እንደማይቆይ የገባት ይመስለኛል። የቬጂቴሪያን (ሥጋ የማይበሉ ሰዎች) ማኅበር በ1847 ራምስጌት ላይ ሲመሠረትም የእነዚህ ሰዎች እጅ ነበረበት። እስከዚያ ድረስ አመጋገቡ በአብዛኛው የሚጠራው በጥንታዊው የግሪክ ፈላስፋ በፒታጎራስ ስም ነበር።

የሚጠቅሱት ዘፍጥረት 1፥29 እውነት ነው። ቅዱስ ባስልዮስም በገነት ሥጋ እንዳልተበላ እያነሣ ጾምን አስተምሯል። ስሕተቱ እዚያው ላይ መቆም ነው። ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ «ሁሉን እንደ ለመለመ ቡቃያ ሰጠኋችሁ» ያለው ያው እግዚአብሔር ነው (ዘፍ. 9፥3)። ጌታችንም ከትንሣኤው በኋላ በደቀ መዛሙርቱ ፊት ዓሣ በልቷል። እርሱ የበላውን ማን ርኩስ ይለዋል?

አባቶች ይህን በቀኖና ቆርጠውታል። እ.ኤ.አ. በ314 በዛሬዋ አንካራ የተሰበሰቡት አባቶች ሥጋ ስለማይበሉ ቀሳውስትና ዲያቆናት የወሰኑትን ልብ ብለህ እይ። መጀመሪያ ይቅመሱ፣ ከዚያ ቢፈልጉ ይተዉት አሉ። ተጸይፈው ከሥጋ ጋር የተቀቀለ አትክልት እንኳ አንበላም ቢሉ ግን ከሹመታቸው ይሻሩ። አንዲት ጉርሻ ምን ታደርጋለች ትል ይሆናል፤ ልብን ትመረምራለች። ለተጋድሎ የተወ ሰው ቀምሶ ይተዋል። የእግዚአብሔርን ፍጥረት ክፉ ነው ብሎ የተወ ግን አፉን አይከፍትም። በዚያው በ4ኛው መቶ ዘመን የተሰበሰበው የጋንግራ ጉባኤም በ2ኛው ቀኖናው በእምነት ሥጋ የሚበላውን ተስፋ የለውም ብሎ የሚኮንነውን አወገዘ፤ ደምን፣ ታንቆ የሞተውንና ለጣዖት የተሠዋውን ግን ለይቶ አስቀርቶ።

ጋንዲ ለንደን ለትምህርት ሲሄድ ለእናቱ በገባው ስእለት ሥጋ አይበላም ነበር። ሥጋ አለመብላትን የሚደግፈውን የእንግሊዛዊውን ጸሐፊ የሄንሪ ሶልትን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ ግን በራሱ ምርጫ የማይበላ ሆነ። ሳህኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ምክንያቱ ነው። አንተም ሳህንህን ትተህ ምክንያትህን መርምር።

ለእንስሳት አዝነህ ወይም ለጤናህ ብለህ ከሆነ ተወው፤ ጾም ግን አትበለው፣ ሌላውም ላይ አትፍረድ። «የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ» ተብሏልና (ሮሜ 14፥3)። ለተጋድሎ ከሆነ አስቀድመህ ለንስሐ አባትህ ንገር፣ ጊዜውንም ወስነህ ያዝ፤ «ዕድሜ ልኬን» ብለህ በአንድ ሌሊት አትሳል። በእንግድነት የቀረበልህን የፍስክ ማዕድ ፊትህን አጨማደህ አትግፋ። የተውከው ምግብ ስንት ይገዛ እንደነበር አስላና ገንዘቡን ለድኻ አደጉና ለመበለቲቱ ስጥ፤ ይህ ሔርማስ ኖላዊ በሚባለው የጥንት ክርስቲያኖች መጽሐፍ የተጻፈ የጾም ሥርዓት ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ከሥጋ የተረፈውን ገንዘብ ሥጋ ሥጋ በሚል የጾም ምግብ መልሶ ይጨርሰዋል።

ምላስህንም አትርሳት። ባስልዮስ ለሚጾሙት «ሥጋ አትበላም፤ ወንድምህን ግን ትበላለህ» ብሏቸው ነበር። የበላህበትን የፍስክ ቀን ግን ለንስሐ አባትህ እንደ ኃጢአት ቆጥረህ አትናዘዘው፤ ሌላ የምትናዘዘው አታጣም።