ሞጁሉን ሥራ ላይ እያለ አውጣው

ወንድሜ፣ «የጻፍኩትን የሊኑክስ ከርነል ሞጁል በስክሪፕት አምስት መቶ ጊዜ አስገብቼ አወጣሁት፤ አንዴም አልተቆለፈም። ከዴድሎክ ነፃ ነው ማለት ይቻላል?» ብለሃል። አይቻልም። ሞጁል ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ላይ የሚጫን ኮድ ነው፤ ዴድሎክ ደግሞ ሁለት ሥራዎች አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሁለቱም ቆመው ሲቀሩ ነው። ከደረሰብኝ ልንገርህ።

እዚሁ ጅማ ለቡና መጋዘን የእርጥበት ሴንሰር ድራይቨር ጽፌ ነበር። እኔም እንዳንተ በሉፕ ፈትኜ እፎይ አልኩ። መጋዘኑ ውስጥ ግን ሴንሰሩ እያነበበ ሳለ አርኤምሞድ (ሞጁል የማውጫ ትእዛዝ) ስል ተርሚናሉ ቀጥ አለ። ኮንትሮል ሲ ብል፣ ኪል ማይነስ ናይን ብል፣ ወይ ፍንክች! በፒኤስ (የሚሮጡትን ፕሮግራሞች በሚዘረዝረው ትእዛዝ) ሳየው «ዲ» ላይ፣ ማለትም በማይቋረጥ ጥበቃ ላይ ቆሟል። ቆይቶ ከርነሉ ራሱ ታስኩ ከ120 ሰከንድ በላይ እንደታገደ በዲሜሴጅ (በከርነሉ መልእክቶች መዝገብ) ጻፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመውጫ ፈንክሽኔ ሚውቴክሱን (በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ የሚይዘውን ቁልፍ) እንደያዘ ካንስል ወርክ ሲንክን ይጠራል፤ ይህ ወርክን፣ ማለትም ከጀርባ የሚሮጥ ሥራን፣ የሚሰርዝ ፈንክሽን ነው። እሱ ወርኩ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ወርኩ ደግሞ ያንኑ ሚውቴክስ ይጠብቃል። ተያይዘው ቀሩ። ሉፑ ያላገኘው ሞጁሉን ሥራ ሳይጀምር ስለሚያወጣው ነው። መፍትሔው አዲስ ወርክ እንዳይገባ አግዶ፣ ሚውቴክሱን ለቅቆ፣ ከዚያ ካንስል ማድረግ ነበር።

አንተም ከርነሉን ፕሩቭ ሎኪንግ የሚባለውን አማራጭ አብርተህ ኮምፓይል አድርገው። ሎኮችን (እንደ ሚውቴክስ ያሉ ቁልፎችን) የሚከታተለው የከርነሉ መርማሪ፣ ሎክዴፕ፣ የሚሠራው በሱ ነው። ሎክዴፕ ዴድሎኩ እስኪደርስ አይጠብቅም። ሎኮቹ የተያዙበትን ቅደም ተከተል ይመዘግባል፤ ሁለቱን የሚጋጩ መንገዶች በተለያየ ሰዓት አንድ አንዴ ካየ ይበቃዋል። ያላየውን ግን አያውቅም። ወርኩ አንዴም ካልሮጠ ዝም ነው የሚለው። ስለዚህ አስገባው፣ ዳታ አስነብበው፣ ሲስኤፍኤስ ፋይሎቹ (ተጠቃሚው ከሞጁሉ ጋር የሚነጋገርባቸው ፋይሎች) ላይ እየጻፍክ ሳለ አውጣው። ሲስኤፍኤስ ላይ በተለይ ተጠንቀቅ። ፋይሉን ማጥፋት እየጻፈ ያለው እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ ጸሐፊው የሚፈልገውን ሎክ ይዘህ ካጠፋኸው ያው ነው።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ሎክዴፕ የመጀመሪያውን ስህተት ከነገረህ በኋላ ራሱን ያጠፋል። ከዚያ ወዲያ ዝም ቢል ሞጁልህ ደህና ነው ማለት አይደለም። ፕሮክ ፎልደር ሥር ሎክዴፕ ስታትስ የሚባለውን ፋይል ከፍተህ ዲበግ ሎክስ 1 መሆኑን (ሎክዴፕ እንዳልጠፋ) ከፈተናው በፊትም በኋላም እይ።

ሁሉንም ቨርቹዋል ማሽን ላይ አድርገው። እኔ ላፕቶፔን በግድ አጥፍቼ ሴቭ ያላደረግኩት የግማሽ ቀን ኮድ ጠፍቶብኛል። ሲቆለፍብህ ለማጥፋት አትቸኩል፤ መጀመሪያ ሲስአርኪው ደብልዩ (በቀጥታ ለከርነሉ የሚሰጥ ትእዛዝ) ላክ። የታገዱትን ታስኮች ከነስታካቸው (የትኛው ፈንክሽን ላይ እንደቆሙ ከሚያሳየው ዝርዝር ጋር) ያወጣልሃል። እሱን እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።