የፓርላማ አባልህ ሆም ኦፊስን (ጥገኝነትን የሚወስነውን የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር) እንዲጠይቅልህ
የጥገኝነት ማመልከቻህ ስለቆመብህ፣ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የሆም ኦፊስን ሚኒስትር በፓርላማ ስብሰባ ላይ ይጠይቅልኝ ወይ ላልከው፦ ለግል ጉዳይ የሚሠራው ደብዳቤ ነው።

1. የፓርላማው ድረ ገጽ ላይ ፖስት ኮድህን አስገባ፤ የአካባቢህ አባል ይወጣልሃል። ዜግነት አይጠየቅም።
2. ሙሉ አድራሻህንና ሆም ኦፊስ ለማመልከቻህ የሰጠህን ቁጥር ጽፈህ፣ ለሆም ኦፊስ እንዲጽፍልህ ጠይቀው።

በፓርላማ የሚቀርበው የጽሑፍ ጥያቄ "ከዓመት በላይ ውሳኔ የሚጠብቁ ስንት ናቸው?" ለሚል ዓይነት ነገር ነው። መልሱ ለሁሉም ይታተማል። ሰው ሁሉ ረቡዕ እኩለ ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲፋጠጡ ያያል፤ ቁጥሩ ያለው ግን በጽሑፍ ጥያቄው መልስ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ ስለ ስደተኛ ጥሩ ሲናገር ለሰማሁት የሌላ አካባቢ አባል ጻፍኩ። ሦስት ሳምንት ጠብቄ የመጣልኝ ሁለት መስመር ነው፦ "የራስህን አባል አነጋግር።"