ክላሙን በቀለሙ ሳይሆን በዛጎሉ ለየው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ደማቅ ሰማያዊ ክላም፣ ማለትም ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ያለው የባሕር እንስሳ፣ ገዝተህ የጨው ውሃ አኳሪየምህ አሸዋ ላይ አስቀምጠኸዋል። ሻጩ «ማክሲማ ነው» ብሎሃል፤ ጓደኛህ ደግሞ ፎቶውን አይቶ «ክሮሲያ ነው» አለህ። ሁለቱም የግዙፍ ክላም ዝርያዎች ናቸው። ማን ልክ እንደሆነና ቦታው ይስማማው እንደሆነ ነው የጠየቅከው። ክላም ለዓመታት አሳድጌያለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

ቀለሙን ለጊዜው ተወው። ማክሲማም ክሮሲያም ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ወርቃማ ሊሆኑ ይችላሉ። ከላይ በተነሳ ፎቶ ብቻ ዝርያውን የሚነግርህ ሰው ብዙ ጊዜ እየገመተ ነው። መታየት ያለበት ዛጎሉ ነው።

በመስታወቱ በኩል ከጎን እየው። ማክሲማ ወደ አንድ ወገን ረዘም ይላል፤ ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። ዛጎሉ ላይ፣ በተለይ ወደ ላይኛው ጠርዝ፣ ስስ ቅርፊቶች ጥቅጥቅ ብለው ተደርድረዋል። ክሮሲያ ከሁሉም ትንሹ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ15 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። በተፈጥሮው ቋጥኝ ቦርቡሮ ውስጡ ስለሚኖር ቅርፊቶቹ ይፋቃሉ፤ የሚቀሩት ጠርዙ አካባቢ ነው። ሌሎቹን ዝርያዎች ብታይ፣ ስኳሞሳ ላይ ቅርፊቶቹ ትላልቅና የተራራቁ ስለሆኑ አትሳሳትም። ዴራሳ ልሙጥ ነው፣ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ጊጋስ ግን ከአንድ ሜትር በላይ አድጎ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናልና የቤት ነገር አይደለም።

ገና ካልተጣበቀ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀስ ብለህ ገልብጠው። የማክሲማና የክሮሲያ ታች፣ ድንጋይ ላይ የሚጣበቁባቸው ክሮች የሚወጡበት ቀዳዳ ሰፊ ነው፤ ክሮሲያ ላይ ደግሞ የባሰ ይሰፋል። ዴራሳ ላይ ጠባብ ነው። ከተጣበቀ ግን በፍጹም እንዳትጎትተው! ክሮቹ የሚወጡበት ሥጋ ከተቀደደ ክላሙ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ማንሳት ግድ ከሆነ ክሮቹን በስስ ምላጭ ከድንጋዩ ጥግ ቁረጣቸው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለስም ብቻ አይደለም። ማክሲማም ሆነ ክሮሲያ፣ ሁለቱም ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ ጠንካራ ብርሃን ባለበት ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ ባዶ አሸዋ አይስማማቸውም። ስኳሞሳና ዴራሳ ቢሆኑ ኖሮ አሸዋው ጥሩ ነበር። አሁን ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርግለት። ሲጣበቅበት ከነድንጋዩ በየጥቂት ቀኑ ከፍ እያደረግክ ወደ ብርሃኑ ታቀርበዋለህ። በአንድ ጊዜ ግን መብራቱ ሥር አታድርገው። ምግቡን በአብዛኛው የሚያገኘው ሥጋው ውስጥ ከሚኖረውና በብርሃን ምግብ ከሚሠራው ዞዛንቴላ ከሚባል አልጌ ነው። በጠርሙስ የሚሸጠው ፕላንክተን (ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ሕያዋን) የብርሃንን ጉድለት አይሞላም።

ውሃውን በተመለከተ፣ ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም፣ አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ከ8 እስከ 10 dKH አካባቢ ሳይዋዥቅ ይቆይ። ናይትሬትን ዜሮ ለማድረግ አትድከም፤ ክላሙ ራሱ ይጠቀምበታል። እያደገ ከሆነ የዛጎሉ ጠርዝ ላይ አዲስ ነጭ መስመር ታያለህ። እጅህን ከላይ ስታሳልፍ ጥላው ሲያርፍበት ቶሎ ከተሰበሰበ ደህና ነው። ውሃ የሚያስገባበት አፉ ተበርግዶ ከቀረ ግን አደጋ ላይ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚዘነጋው ቀንድ አውጣ አለ። ፒራሚዴሊድ ይባላል፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ነጭና ሹል ነች። ቀን ዛጎሉ ሥር ትደበቃለች፣ ሌሊት ወጥታ የክላሙን ፈሳሽ ትመጥጣለች። ጥቂት ሆና ገብታ ቶሎ ትራባለች። መብራቱ ከጠፋ ሰዓታት በኋላ በባትሪ የዛጎሉን ጠርዝና ታቹን ፈትሽ። ካገኘሃት ልቀማት፤ ዛጎሉን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ፍቀው፣ እንቁላሏ እዚያ ይጣበቃልና። ለጥቂት ሳምንታት ደጋግመው። ስድስት መስመር ያለው፣ በእንግሊዝኛ «ራስ» (wrasse) የሚባለው ዓሣም ይበላታል። ኤንጅልፊሽ የሚባለው ዓሣ ካለህ ግን ተጠንቀቅ፤ ክላሙን ራሱን ሊለቅም ይችላል።

ሌላ ክላም ካሰብክ ሻጩን በእርባታ ያደገ መሆኑን ጠይቀው። ግዙፍ ክላሞች በሙሉ ከ1985 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዳቸው በሳይቲስ (ለመጥፋት በተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ ባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ቁጥጥር ሥር ነው። በፓስፊክ ደሴት አገሯ ፓላው ውስጥ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሲረቡ ኖረዋል። ከባሕር የተለቀመ መግዛት አያስፈልግም።

ለዛሬ ማታ ቀንድ አውጣዋን ፈልግ። ነገ ከጎን በመስታወቱ በኩል የተነሳ ጥርት ያለ ፎቶ ለጥፍልንና ዝርያውን አብረን እንለየው።