ውጫዊ ፕላኔቶችን ከክፍል ሳንወጣ እናስተምር፦ ጠይቁኝ

ጁፒተርን፣ ሳተርንን፣ ዩራነስንና ኔፕቱንን ለታዳጊዎች ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። የከበዳችሁን ጠይቁ፣ በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ያለኝ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ምን ላሠራቸው?

የወረቀት ጥብጣብ፣ እህቴ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሜትር የሚሆን ቀጭን ወረቀት ስጪ። አንዱ ጫፍ ላይ ፀሐይ፣ ሌላው ላይ ፕሉቶ ብለው ይጻፉ። ከዚያ ምንም ሳትነግሪያቸው ፕላኔቶቹ የት የት እንደሚውሉ በእርሳስ ይገምቱ። ይህችን እንዳትዘያት፣ ትምህርቱ ያለው እሷ ላይ ነው! አብዛኞቹ በእኩል ርቀት ይደረድሯቸዋል። አሁን ለሁለት ይጠፉት፤ እጥፋቱ ላይ ዩራነስ አለ። ከዩራነስ እስከ ፕሉቶ ያለው ሲታጠፍ ኔፕቱን፣ ከፀሐይ እስከ ዩራነስ ያለው ሲታጠፍ ሳተርን፣ ከፀሐይ እስከ ሳተርን ያለው ሲታጠፍ ደግሞ ጁፒተር ይወጣል። ልኩ በግምት ነው፣ ግን ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። አንዴ ሲደግሙ የአስትሮይዶች ቀበቶ ጋ ይደርሳሉ፤ የቀሩት አራቱ ፕላኔቶች፣ መሬታችንም ጭምር፣ 6 ሴንቲሜትር ላይ ይጣበባሉ። አንዷ ተማሪዬ እርሳሷን አንጠልጥላ «መሬትን የት ልጻፋት? ቦታ የለም እኮ» ያለችኝ አይረሳኝም።

ጥያቄ፦ ፕሉቶ ፕላኔት ነው እንዴ?

እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ድንክ ፕላኔት ነው የሚባለው። እዚህ የገባው ለጫፍ ምልክትነት ነው።

ጥያቄ፦ የእኔዎቹ 16 ዓመታቸው ነው፣ ወረቀት ማጠፍ የልጅ ነገር ነው ይላሉ።

ስሌት ጨምርበት። ከፀሐይ እስከ መሬት ያለው ርቀት 1 ቢባል ጁፒተር 5.2፣ ሳተርን 9.5፣ ዩራነስ 19.2፣ ኔፕቱን 30 ላይ ናቸው። ብርሃን መሬት ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበታል። ኔፕቱን ጋስ? ራሳቸው አባዝተው 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሲያገኙ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ጥያቄ፦ የዩራነስን መጋደም እንዴት ላሳይ?

ጭቃ ድቦልቡለህ እስክሪብቶ ሰካበትና አጋድመው፤ የዩራነስ ዛቢያ ያዘነበለው 98 ዲግሪ ያህል ነው። መሃል ላይ አምፖል አብራ። ዙሪያውን የሚዞረው ተማሪ የእስክሪብቶውን ጫፍ ምንጊዜም ወደ አንድ ግድግዳ ያዙር። አንዱ ዙር 84 ዓመት ነው፣ ስለዚህ አንዱ ዋልታ 42 ዓመት ያህል ብርሃን፣ 42 ዓመት ያህል ጨለማ እንደሚያይ በዓይናቸው ያዩታል።

ጥያቄ፦ ምንም ቁሳቁስ ከሌለስ?

እጅ አለ አይደል! የጁፒተር ጨረቃ ጋኒሜድ አንዴ ስትዞር ዩሮፓ ሁለቴ፣ አዮ አራቴ ትዞራለች። ክፍሉን ለሦስት ክፈሉና እስከ 4 እየቆጠራችሁ አጨብጭቡ፦ አዮዎች በየቁጥሩ፣ ዩሮፓዎች 1 እና 3 ላይ፣ ጋኒሜዶች 2 ላይ ብቻ። ሦስቱም አንድ ላይ አያጨብጭቡ፤ እውነተኞቹ ጨረቃዎችም በአንድ ወገን ተሰልፈው አያውቁም።