«በሽምግልና እንጨርሰው» ሲሉን ምን እናድርግ?

በእንግሊዝ አገር ያሉ የሐበሻ ማኅበራት ልጆችንና አቅመ ደካሞችን ከጥቃት ስለ መጠበቅ፣ እዚህ «ሴፍጋርዲንግ» ስለሚባለው ጉዳይ፣ ከላኩልን ጥያቄዎች አራቱን መርጠናል። ስኮትላንድ የራሷ ሕግና ተቆጣጣሪ ስላላት ይህ መልስ እዚያ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ማኅበራችን ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ ያስተምራል። አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ስለ አንድ በጎ ፈቃደኛ መምህር ደስ የማይል ነገር ለረዳት አስተማሪዋ ነገረቻት። ሊቀ መንበራችን «የተከበረ ሰው ነው፤ ሦስት ሽማግሌ ይዘን ከወላጆቿ ጋር በሽምግልና እንጨርሰው» ይላሉ። ምን ላድርግ?
የኮሚቴ ጸሐፊ፣ ለንደን

መልስ፦ ሽማግሌዎቹ ይቅሩ። ሽምግልና የተጣላን ለማስታረቅ ነው፤ ልጅቷ ግን ከማንም አልተጣላችም። ደግሞም ሽማግሌ ሲላክ ሰውየው የተባለበትን ቀድሞ ይሰማል። ልጅቷም በትልልቅ ሰዎች ፊት ደጋግማ ስትጠየቅ ወይ ዝም ትላለች ወይ ቃሏ ይለዋወጣል፤ ፖሊስ ሲደርስ የሚያገኘው የተበላሸ ማስረጃ ነው።

በመጀመሪያ ረዳት አስተማሪዋ የሰማችውን ዛሬውኑ፣ ራሷ ትጻፈው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን እንደነበረ፣ እሷስ ምን ብላ እንደጠየቀች ታስፍር። የልጅቷ ቃል በተናገረችበት ቋንቋ እንዳለ ይቀመጥ። ይህን አጥብቀን የምንለው ልጆቻችን አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ስለሚደባልቁ ነው፤ «ነካካኝ» ያለችውን ጸሐፊው ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ በራሱ ግምት ያከብደዋል ወይም ያቀለዋል። መተርጎም የባለሙያ ፋንታ ነው። ጽሑፉ ተፈርሞበት ለማኅበሩ የሴፍጋርዲንግ ኃላፊ ይሰጥ እንጂ ወደ ኮሚቴው ዋትስአፕ አይላክ።

ልጅቷ እንደገና ማውራት ከጀመረች «እሺ፣ ከዚያስ?» ማለት ይበቃል። «እዚህ ጋ ነካሽ?» ብሎ መልሱን በአፏ ማስገባት አይገባም። «ለማንም አልናገርም» ተብሎም ቃል አይገባላትም።

ኃላፊው በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ትምህርት ቤቱ ባለበት ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ላለው «ላዶ» ይደውል። ላዶ ማለት ከልጆች ጋር በሚሠሩ ሰዎች ላይ የሚነሳን ጥቆማ የሚከታተል የካውንስል ሠራተኛ ነው። መምህሩ መቼና በማን ይነገረው፣ ወላጆቿስ ምን ይባሉ የሚለው ከእሱ ጋር ይወሰናል፤ ከዚያ በፊት መምህሩ አይነገረው። እስከዚያው ከልጆች ይራቅ፤ ማራቅ ፍርድ አይደለም። የእናንተ ትምህርት ግን ቅዳሜ ነው፤ ላዶው ቢሮ የለም። ልጅቷ ለዛሬ ማታ የሚያሰጋት ነገር ካለ የካውንስሉን ከሥራ ሰዓት ውጭ ተረኛ ክፍል፣ አደጋው በደጅ ከሆነ 999 ይደውሉ። ምክር ለመጠየቅ የሕፃናት ጥበቃ ድርጅቱ ኤን.ኤስ.ፒ.ሲ.ሲ በ0808 800 5000 ይገኛል። ለዚህ ሁሉ የሊቀ መንበሩ ፈቃድ አያስፈልግዎትም፤ ራስዎ መደወል ይችላሉ።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚዳፈነው ሰውየው «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ሲልና ኮሚቴው እፎይ ሲል ነው። ልጅ ጎድቷል ወይም ሊጎዳ ይችላል ተብሎ ከማስተማር የሚነሳ፣ ወይም ባይለቅ ኖሮ ይነሳ የነበረ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ሕግ መሠረት የወንጀል መዝገብ ለሚያጣራውና ሰውን ከልጆች ሥራ ለሚያግደው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለዲ.ቢ.ኤስ፣ ሪፖርት መደረግ አለበት። ይህ ግዴታ ነው። ካልሆነ በሚቀጥለው ወር ሌላ ማኅበር ውስጥ ያስተምራል። ትረስቲዎቹ፣ ማለትም ማኅበሩን በኃላፊነት የሚመሩት፣ ደግሞ እንዲህ ያለውን ከባድ ክስተት ሳይዘገዩ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ተቆጣጣሪ ለሆነው ቻሪቲ ኮሚሽን ያሳውቃሉ።

ጥያቄ፦ መምህሮቻችን ሁሉ የዲ.ቢ.ኤስ ምስክር ወረቀት አላቸው። አንዱ ግን ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ስምንት ወሩ ነው፤ የእሱም ንጹሕ ሆኖ መጣ። ይበቃል?
ማንቸስተር

መልስ፦ የእሱ ንጹሕ መሆን ብዙም አይነግራችሁም፤ ስምንት ወር ውስጥ እዚህ ምን ሊመዘገብበት ነበር? ዲ.ቢ.ኤስ በውጭ አገር የተፈጸመን ወንጀል በአብዛኛው አያሳይም። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ በአሻራ የሚሰጠውን ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ጠይቁ። ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠባበቅ ከሆነ ግን ወደ ኤምባሲ ሂድ አትበሉት፤ ለእሱም ለቤተሰቡም አደጋ ሊሆን ይችላል። በምትኩ ሁለት የሚያውቁትን ሰዎች ራሳችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፣ የተባለውን ጻፉ፣ ብቻውንም ከልጆች ጋር አይሁን።

ለሌሎቹም ወረቀቱን መልሳችሁ እዩ። በየሳምንቱ ያለ ሌላ ሰው ቁጥጥር ልጆች የሚያስተምር ሰው የሚያስፈልገው ከፍተኛው ደረጃ፣ ከልጆች ሥራ የታገዱ ሰዎች ዝርዝር የተፈተሸበት ነው። መሠረታዊው ደረጃ ለዚህ አይሆንም። የምስክር ወረቀቱ የሚላከው ለሰውየው እንጂ ለማኅበሩ ስላልሆነ ዋናውን ተቀብላችሁ አይታችሁ ቀኑን መዝግቡ፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ አይበቃም። ለበጎ ፈቃደኛ ምርመራው በነፃ ነው፤ ማመልከቻውን የሚያስገባላችሁ ድርጅት ግን የአገልግሎት ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ወረቀቱ የማብቂያ ቀን የለውም፤ የተሰጠበት ዕለት ብቻ እውነት ነው። ወረቀቱ በተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ በዲ.ቢ.ኤስ የአፕዴት (የማደሻ) አገልግሎት ከተመዘገቡ ግን በየጊዜው በኢንተርኔት ማየት ይቻላል።

ከወረቀት ይልቅ ልጅን የሚጠብቀው የክፍሉ አደረጃጀት ነው። የኤን.ኤስ.ፒ.ሲ.ሲ መመሪያ ከ4 እስከ 8 ዓመት ለሆኑ 6 ልጆች አንድ አዋቂ፣ ከ9 እስከ 12 ለሆኑ 8 ልጆች አንድ፣ ከ13 በላይ ለሆኑ 10 ልጆች አንድ ይላል፤ ልጆቹ ጥቂት ቢሆኑም ሁልጊዜ ከሁለት አዋቂ አያንስም። ለመምህርም ቢሆን የልጅ ስልክ ቁጥር አይሰጥ፤ መልእክት ለወላጅ ይላክ።

ጥያቄ፦ ለአረጋውያን ምሳ እናዘጋጃለን። አንዲት የ78 ዓመት እናት የባንክ ካርዳቸውን የወንድማቸው ልጅ ይዞታል፤ ለምሳ የሚከፍሉት ሳንቲም እንኳ የላቸውም። «እባካችሁ አትናገሩብኝ፣ የሥጋ ዘመዴ ነው» ይላሉ።
በርሚንግሃም

መልስ፦ ይህ ከልጅ ጉዳይ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2005ቱ የአእምሮ ብቃት ሕግ መሠረት አዋቂ ሰው ሌላ እስካልተረጋገጠ ድረስ ለራሱ መወሰን እንደሚችል ይቆጠራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ብቻቸውን፣ ወጣቱ በሌለበት፣ «እርስዎ ምን ቢሆን ደስ ይልዎታል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ምናልባት የሚፈልጉት አዲስ ካርድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ባንኩ በአንድ ቀጠሮ ይፈታዋል። የጡረታ ገንዘባቸውን በተወካይነት የሚቀበለው እሱ ከሆነ ጉዳዩ የመንግሥት ድጎማ መሥሪያ ቤቱም ነው።

አስፈራርቷቸው ከሆነ፣ ሌላም ሰው ለጉዳት የሚጋለጥ ከሆነ ወይም የሚወስኑትን ማመዛዘን የሚያቅታቸው ከመሰለ፣ እሳቸው እምቢ ቢሉም ለካውንስሉ የአዋቂዎች ክፍል ይነገራል፤ እንደሚነገርም አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ መንገሩ ራሱ ለአደጋ የሚዳርጋቸው ከሆነ ብቻ ይዘለላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ኬር አክት (የእንክብካቤ ሕግ) አንቀጽ 42 ካውንስሉ የማጣራት ግዴታ የሚኖርበት ተበዳዩ እንክብካቤ የሚያስፈልገው ሲሆን፣ ሲበደል ወይም በደል ሲያሰጋውና እንክብካቤ የሚያስፈልገው በመሆኑ ራሱን መከላከል ሲያቅተው ነው። አስተርጓሚ ካስፈለገ ከካውንስሉ ጠይቁ። ከዘመድም፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ከሚሳለም ሰውም አትውሰዱ፤ ለእሱ የተነገረው ለእሑድ ቅዳሴ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ የእንቁጣጣሽ በዓላችንን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ብንለጥፍስ?
ሊድስ

መልስ፦ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ካለ ይቻላል፤ የልጅ ስምና ፊት ግን አብረው አይውጡ፣ የአዳራሹም አድራሻ አይጻፍ። አበባ ከያዙት ልጆች መካከል ከአባቷ ከሸሸች እናቷ ጋር ተደብቃ የምትኖር ልትኖር ትችላለች።