የዜልዳ መዝናኛ ፓርክ ቢሠራ፦ ጥያቄና መልስ

በማሪዮ ቪዲዮ ጌም ላይ የተመሠረተው መዝናኛ ስፍራ ጃፓን፣ ኦሳካ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 ከተከፈተ ወዲህ፣ ከ1986 ጀምሮ ሲወጣ ለኖረው ለ«ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» የቪዲዮ ጌም ተከታታይ ፓርክ ቢሠራስ የሚለው ምናብ አልበረደም። የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የጌሙ ደስታ ብቻህን መቅደስ (በእንቆቅልሽ የተሞሉ ክፍሎች ያሉት ሕንፃ) ገብተህ እንቆቅልሽ መፍታት ነው። ፓርክ ውስጥ ይሄ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ ሰዓቱን የሚቆጣጠረው ግን በሩ እንጂ ተጫዋቹ መሆን የለበትም። አንድ ክፍል 8 ሰው ለ3 ደቂቃ ቢይዝ በሰዓት 20 ቡድን፣ ማለትም 160 ሰው ብቻ ያልፋል። አራት ክፍል በተከታታይ ብትደረድሩ ቆይታው 12 ደቂቃ ይሆናል እንጂ የሚያልፈው ሰው አይጨምርም። የሚጨምረው ጎን ለጎን ሲሠራ ነው፤ በአምስት መስመር 800 ሰው ይደርሳል። ትልቁ ችግር አንድ ቡድን ሲቸገር ከኋላው ያለው ሁሉ መቆሙ ነው። ስለዚህ በ90ኛው ሰከንድ ፍንጭ ይብራ፣ በ170ኛው በሩ በራሱ ይከፈት። የፈታው የሽልማት ሣጥኑን ከፍቶ ይወጣል፣ ያልፈታው ባዶ እጁን።

ጥያቄ፦ ጌሙ ውስጥ ያለው የውሃው መቅደስስ? ውሃው ከፍና ዝቅ ካላለ ምኑን የውሃ መቅደስ ሆነ!

መልስ፦ ውሃውን አትንኩት። 20 በ20 ሜትር የሆነን ገንዳ በ1 ሜትር ለመሙላት 400 ሜትር ኩብ ውሃ ይፈልጋል። በ2 ደቂቃ ይሙላ ካላችሁ በሰከንድ 3.3 ሜትር ኩብ ገደማ መግፋት ነው፤ ያን ሁሉ የሚይዝ ማጠራቀሚያም ከሥር ይቆፈራል። ይልቅ ጎብኚዎቹ የተሳፈሩበት ጀልባ ባለበት ሆኖ በዙሪያው ያለው የውሸት ግድግዳ ወደ ታች ይንሸራተት፤ ዓይን ውሃው የወጣ ይመስለዋል። ዘዴውን የሚያጋልጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ የማይንቀሳቀስ ምሰሶ ወይም የመውጫ መብራት ከጀልባው ከታየ አለቀ። ሁለተኛ፣ ውሃው «ሲወርድ» የተጋለጠው ግድግዳ ደረቅ ከሆነ ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ ከላይ በቀጭን ቱቦ ውሃ እንዲንጠባጠብበት አድርጉ።

ጥያቄ፦ በጌሙ ሎስት ዉድስ በሚባለው ጫካ ውስጥ የተሳሳተ መንገድ የያዘ ወደ መነሻው ይመለሳል። ሕዝብ በሚጋፋበት ቦታ ይሠራል?

መልስ፦ የሚያከሽፈው ሕዝቡ ነው፤ ሁሉም ከፊቱ ያለውን ይከተላል። በየ30 ሰከንዱ 6 ሰው ብቻ ቢገባ (በሰዓት 720) ቡድኖቹ አይተያዩም። ከተከታታዩ ጌሞች አንዱ በሆነው በ«ኦካሪና ኦፍ ታይም» ትክክለኛውን መንገድ የሚጠቁመው እየጎላ የሚሄድ ሙዚቃ ነው፤ በጫጫታ መሐል ግን አይሰማም። በሌላው ጌም፣ በ«ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ»፣ የችቦው ፍንጣሪ በነፋስ የሚነዳበት አቅጣጫ ይመራል፤ እዚህ የሚያዋጣው ይሄ ነው፦ ማራገቢያና ቀላል ጨርቅ። የአደጋ ጊዜ መውጫ ግን የእንቆቅልሹ አካል እንዳይሆን! ሁልጊዜ የሚታይና የሚከፈት ይሁን።

ጥያቄ፦ የጌሙን ጀግና ሰይፍ፣ ማስተር ሶርድን፣ ከተሰካበት ድንጋይ መንቀል ይቻላል?

መልስ፦ ለአንድ ሰው 20 ሰከንድ ብትሰጡ በሰዓት 180 ሰው ነው፤ አራት ሰይፍ አዘጋጁ። ሰይፉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ጨርሶ ግን አይነቀልም። ሰይፉን ለመያዝ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ ማግኔት አትጠቀሙ፤ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፣ ኃይል ሲቋረጥም ሰይፉን ይለቃል። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው የሚለቅ ቋሚ ማግኔት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የጌሙ ተራራ፣ ዴዝ ማውንቴን፣ ስንት ሜትር ይሁን? እኔ 100 እላለሁ።

መልስ፦ ፍሎሪዳ ያለው የዲዝኒ የሲንደሬላ ቤተ መንግሥት እንኳ ከ58 ሜትር አይበልጥም፤ ከፍ ያለ የሚመስለው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መስኮቱም ጡቡም ስለሚያንስ ነው። ለተራራውም 40 ሜትር ይበቃል፦ ከታች እውነተኛ መጠን ያለው ቋጥኝ፣ ከላይ ያነሰ። ጫፉ ላይ እውነተኛ ዛፍ አትትከሉ፤ ቅጠሉ መጠኑን ያሳብቃል። እርግብ መጥታ ብታርፍበትስ? እሷን የሚከለክል ዲዛይን የለም።